የቤተ ሙከራው በር ለማን ይከፈት?

ሳይንስ አገር የለውም ይባላል። አንድ በሽታ አምጪ ተውሳክ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በለንደንም ሆነ በካርቱም፣ በጎንደርም ሆነ በናይሮቢ መልኩ አንድ ስለ ሆነ፣ አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ እውነትነቱ ግማሽ ነው። መልሱ አገር ባይኖረውም ጥያቄው አገር አለው። የትኛው በሽታ ቀድሞ ይጠና፣ የማን ደም ይመርመር፣ የየትኛው መንደር ሕመም ገንዘብ ይመደብለት የሚለውን የሚወስነው በቤተ ሙከራው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነውና። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ ማን ገብቶ ይማርበት፣ ማንስ ይመራመርበት?» የሚለው ክርክር የመምህራንና የሹማምንት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊተው አይገባውም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በዚህ ክርክር ውስጥ የሰው ሕይወት አለበት። ይህንንም ለማስረዳት የጎረቤታችንን የሱዳንን፣ በተለይም የካርቱምን ታሪክ እጠቅሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካርቱም ከጣና የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። እንግሊዞች አገሪቱን ከያዙ በኋላ በ1902 በዚያች ከተማ የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅን ከፈቱ። በማግሥቱ ዓመት በ1903 ደግሞ በዚሁ ኮሌጅ ውስጥ የዌልከም የቆላ በሽታዎች ምርምር ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ኃላፊ አንድሩ ባልፎር የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነበር። ቤተ ሙከራው በመርከብ ላይ የተሠራና በናይል ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ክፍል እንኳ ነበረው። ሥራው የሚናቅ አልነበረም፤ ወባን በመቆጣጠርም ሆነ ነፍሳትን በማጥናት ብዙ ተሠርቶበታል። ነገር ግን ጥያቄውን ያቀርቡ የነበሩት እነማን ነበሩ? የወታደሩ ጤና፣ የሹሙ ጤና፣ ኋላም ጥጥ የሚያለማው የገዚራ እርሻ ሠራተኛ ጤና በተራ ይታሰብ ነበር። የአገሬው ተወላጅ በቤተ ሙከራው ውስጥ ቢገኝ ዕቃ አጣቢ ወይም ረዳት ሆኖ እንጂ መርማሪ ሆኖ አልነበረም። የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት በ1924 እስኪከፈት ድረስ ሱዳናዊ ሐኪም በአገሩ የሚሠለጥንበት ቦታ አልነበረውም።

ሴቶቹ ደግሞ ከዚህም በላይ መጠበቅ ነበረባቸው። በ1907 ባቢክር በድሪ የተባሉ፣ በወጣትነታቸው የማህዲ ወታደር የነበሩ መምህር፣ በሰማያዊ ዓባይ ዳር በምትገኘው በሩፋዓ ከተማ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። የእንግሊዝ ሹማምንት ነገሩ ሕዝቡን ያስቆጣል ብለው በመስጋት ፈቃድ ሲከለክሏቸው ቆይተው፣ በመጨረሻ የፈቀዱላቸው «በራስዎ ወጪና በራስዎ ኃላፊነት» በማለት ዓይነት ነበር። ባቢክር በድሪ ያስመዘገቧቸው ተማሪዎች 17 ሲሆኑ ዘጠኙ የገዛ ልጆቻቸው፣ ስምንቱ የጎረቤት ልጆች ነበሩ። ሰውየው የሰው ልጅ ከመጥራታቸው በፊት የራሳቸውን ማቅረባቸው ልብ ሊባል ይገባል። ከዚያ በኋላ 45 ዓመት አለፈ። በ1952 ከኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ሁለት ሴቶች ተመረቁ። አንዷ የኦምዱርማን ተወላጅ የሆኑት ካሊዳ ዛሂር፣ ሌላይቱ ከአርመን ቤተሰብ የተወለዱት ዛሩሂ ሳርኪስያን ነበሩ። በአንድ አገር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴት ሐኪሞች፣ አንዷ የነባር ቤተሰብ አንዷም የመጤ ቤተሰብ ልጅ መሆናቸው በአጋጣሚ ቢሆንም፣ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ተስማሚ ምሳሌ ነው። በ1966 የባቢክር በድሪ ልጅ ዩሱፍ በድሪ በኦምዱርማን የአሕፋድን የሴቶች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንምጣ። ፕሮፌሰር አሕመድ መሐመድ አልሐሰን በማዕረጋቸው የፓቶሎጂ፣ ማለትም በሽታ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ የሚመረምር የትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲከታተሉት የኖሩት ጥያቄ ግን በኢሙኖሎጂ መስክ የሚወድቅ ነው፤ ሰውነት በሽታን የሚከላከለው እንዴት ነው? አንዳንዴስ መከላከል የሚያቅተው ለምንድን ነው? በካርቱም ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ የሕክምና ፋኩልቲውን መርተዋል፤ በ1990ዎቹም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥር የአካባቢ በሽታዎች ኢንስቲትዩት እንዲቋቋም ዋናው አንቀሳቃሽ እርሳቸው ነበሩ። በ2022 አረፉ።

ያጠኑት በሽታ ካላዛር ይባላል። በሱዳን ምሥራቅ በገዳሪፍ፣ በእኛም አገር በሑመራና በመተማ ቆላ የሚታወቅ ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፣ ከትንኝ ያነሰና ድምፅ የሌለው ነፍሳ ነው። በበጋ ዋልካው መሬት ሲሰነጣጠቅ በስንጥቁ ውስጥና በግራሩ ሥር ይደበቃል፤ ሲመሽ ይወጣል። የተነደፈው ሰው ሳምንታት የማይለቀው ትኩሳት ይይዘዋል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ደሙ ያንሳል። ካልታከመ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በሽታ የሚያስደንቀው ነገር ተውሳኩ የሚኖርበት ስፍራ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ፣ ባዕድ ነገርን እየዋጡ የሚያጠፉ ሴሎች አሉ። የካላዛር ተውሳክ ግን ከእነዚህ ሴሎች አይሸሽም፤ ይዋጥና በዋጠው ሴል ሆድ ውስጥ ይራባል። ዘበኛው ራሱ የሌባ ማደሪያ ሆነ ማለት ነው። ማክሮፋጁ ይህን ነዋሪ ለመግደል ከሌሎች ሴሎች፣ ቲ ሴል ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች፣ የኬሚካል ትእዛዝ ሊደርሰው ይገባል። ትእዛዙ የደረሰው ሰው በተውሳኩ ቢያዝም ሳይታመም ይቀራል። በሱዳን ምሥራቃዊ መንደሮች በሽታው ሳይታወቃቸው አልፎላቸው የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ተገኝተዋል። ይህም የሚታወቀው ቀላል በሆነ ምርመራ ነው። የሞተ ተውሳክ በክንድ ቆዳ ውስጥ በመርፌ ይሰጥና ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ያበጠው ስፍራ በማስመሪያ ይለካል። 5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ካበጠ ሰውነቱ ተውሳኩን ያውቀዋል፣ መከላከልም ይችላል ማለት ነው። በሽታው ጸንቶበት የተኛ ሰው ክንድ ግን አያብጥም፤ ከዳነ በኋላ ነው የሚያብጠው።

ፕሮፌሰር አልሐሰንና ባልደረቦቻቸው፣ ከዴንማርክና ከሆላንድ ከመጡ ተመራማሪዎች ጭምር፣ በጥልቅ ካጠኑት ነገር አንዱ ከድኅነት በኋላ የሚመጣው የቆዳ ሕመም ነው። በሱዳን ከካላዛር ከዳኑት ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ፣ ይበልጡንም ሕፃናቱ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ፊታቸው ላይ ሽፍታ ይወጣባቸዋል። በሕንድ ግን ይህ የሚደርስባቸው በጣም ጥቂቶቹ ናቸው፤ የሚወጣውም ከዓመታት በኋላ ነው። ተውሳኩ አንድ ወገን ሆኖ ሳለ ነገሩ በሁለት አገር ለምን ተለያየ? ሽፍታው የበሽታው መመለስ ሳይሆን የሰውነት መከላከያ ኃይል ተመልሶ በመንቃቱ፣ በቆዳ ውስጥ ከቀረው ተውሳክ ጋር የሚያደርገው ትግል ምልክት እንደ ሆነ ያመለከቱት እነዚህ ጥናቶች ናቸው። ይህን ጥያቄ ከካርቱም ውጭ ማን ሊጠይቀው ይችል ነበር? ሽፍታውን የሚያየው፣ የታካሚውን ልጅ ከዳነ በኋላም ወደ መንደሩ ሄዶ የሚጎበኘው ሐኪም ነዋ! በሽተኛውን አንድ ጊዜ አይቶ፣ ደሙን በብልቃጥ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አያይም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት አንድ ሱዳናዊ በቤተ ሙከራው ወንበር ላይ መቀመጡ ምን እንዳመጣ ነው። ነገር ግን «ሱዳናዊ» ማለትም ራሱ አንድ አይደለም። ቀጥሎ የምጠቅሰው ታሪክ ይህን ያሳያል፤ ያሳዝናልም።

በ1984 ገደማ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በተባለው አገር፣ ምዕራባዊ የላይኛው ናይል በሚባለው አውራጃ፣ ካላዛር ተነሣ። በዚያ የሚኖሩት ኑዌሮች በሽታውን ቀድሞ አያውቁትም ነበር፤ ስለዚህ የሰውነታቸው መከላከያ ኃይል አልተዘጋጀለትም። አውራጃው በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበር፤ ረኃብ ነበር፤ ክሊኒክ የሚባል ነገር አልነበረም። በሽታው አራት ዓመት ያህል ሰው ሲፈጅ ቆይቶ ስሙ በትክክል የተጠራው በ1988 ነው። እርሱም ሐኪም ወደ አገራቸው ስለ ሄደ አይደለም፤ ከጦርነቱ የሸሹ ሰዎች እየታመሙ እስከ ካርቱም ድረስ በመምጣታቸው ነው። ኋላ በተደረገው ግምት እስከ 1994 ድረስ በነበሩት አሥር ዓመታት ከአውራጃው 280,000 ያህል ነዋሪዎች 100,000 የሚሆኑት በካላዛር ሞተዋል። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የእልቂቱ ዋና ምክንያት ጦርነቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው አይደለም። መንገዱ ተዘግቶ፣ መድኃኒቱ ጠፍቶ ሳለ በካርቱም ቢያንስ አሥር የኑዌር ተወላጅ ፕሮፌሰሮች ቢኖሩ ኖሮ ሁሉም ሰው በተረፈ ነበር ብሎ መናገር ቅጥፈት ይሆናል። ነገር ግን የሚከተለውን መጠየቅ እንችላለን። ስለ ካላዛር ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች በካርቱም ተቀምጠው ሳለ፣ የአንድ አውራጃ ሕዝብ አራት ዓመት ሲሞት ወሬው እንዴት አልደረሳቸውም? ደብዳቤ የሚጽፍለት ዘመድ በሕክምና ፋኩልቲው ውስጥ ያለው መንደር፣ «እዚህ ሰው እየከሳ፣ ሆዱ እያበጠ ይሞታል» ብሎ ይልክ ነበር። ወሬ የሚሄደው በዘመድ ነው። ዘመድ የሌለው አውራጃ ወሬው የሚደርሰው በሬሳ ብዛት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛም አገር አልቀረም። በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ካላዛር በማይታወቅበት ደጋማ ስፍራ፣ ከ2003 ጀምሮ ሰዎች ባልታወቀ በሽታ መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ ለመድኃኒት የማይበገር ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ2005 ነው። በሽታውን ወደ ደጋው ያመጡት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይገመታል። አጫጆቹ ራሳቸው በሽታውን ያውቁት ነበር፤ ስሙን ባያውቁ እንኳ የት እንደሚይዝና ማንን እንደሚይዝ ያውቁ ነበር። የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

በዚህ ላይ ከሚሰነዘሩት ተቃውሞዎች የሚበረታው ይህ ነው። «ዩኒቨርሲቲ የእውቀት ቤት ነው። በችሎታ እንጂ በትውልድ፣ በጾታ ወይም በአውራጃ አይገባበትም። ማይክሮስኮፕ የሚያየውን ሰው ዘር አይጠይቅም» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሁሉ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ በድካማቸው ለማዕረግ የበቁ ናቸው። እኔም ከፊሉን እቀበላለሁ። የደም ናሙናን በስሕተት የሚያነብ ሰው ከየትም ይወለድ ከየት በሽተኛውን ይገድላል። ስለዚህ የፈተናውን ደረጃ ዝቅ እናድርግ አልልም።

ነገር ግን ፈተናው የሚለካው ለፈተና የቀረበውን ብቻ ነው። በአውራጃዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሌላት ልጅ ችሎታዋ መቼ ተመዘነ? በሱዳን በ1990 ከፍተኛ ትምህርት ከእንግሊዝኛ ወደ ዓረብኛ እንዲዞር ሲደረግ፣ በእንግሊዝኛ ተምሮ ያደገው የደቡብ ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰነፍ ሆነን? የጁባ ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ምክንያት በ1989 ወደ ካርቱም ሲዛወር፣ በደቡብ የቀሩት ወጣቶች አእምሮስ አብሮ ተዛወረን? ሚዛኑ ትክክል ቢሆንም እንኳ ወደ ሚዛኑ የሚወስደው መንገድ ለአንዱ አስፋልት፣ ለሌላው ገደል ከሆነ፣ ውጤቱን የችሎታ ውጤት ብቻ ብሎ መጥራት አይቻልም። እንግዲህ የምጠይቀው መንገዱ ይሠራ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ለሴቶች ማደሪያ፣ ከሩቅ አውራጃ ለሚመጣ የመሰናዶ ዓመት። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል። የሚታለፈውም ለዚህ ነው እንጂ መፍትሔው ስለማይታወቅ አይደለም።

ስለ ኢሙኖሎጂ የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ሌላ ምሳሌ ያቀርባሉ። የሰውነት መከላከያ ኃይል በሚልዮን የሚቆጠሩ የተለያዩ ሴሎች ስላሉት ነው ያልታሰበ ጠላት ሲመጣ የሚያውቀው ሴል የማይጠፋው፤ ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ ነው ይላሉ። ምሳሌው ያምራል። ሆኖም ምሳሌ ማስረጃ አይሆንም። ሰው ሴል አይደለም፤ ከገዳሪፍ የተወለደ ሁሉ የገዳሪፍን በሽታ ያጠናል ማለትም አይደለም። የማሳሊት ተወላጅ የሆነች ተማሪ የከዋክብትን ነገር ለማጥናት ብትፈልግ መብቷ ነው። ክርክሩን በምሳሌ ከማስጌጥ በሥራ ላይ የታየውን መናገር ይሻላል።

በሥራ ላይ የታየው እንግዲህ የሚከተለው ነው። በገዳሪፍ አካባቢ መንደሮች በተደረጉ ጥናቶች ከምዕራብ፣ ከዳርፉር የመጡት የማሳሊት ቤተሰቦች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ በካላዛር ይጠቁ ነበር። ይህ በዘር ውርስ ነው? ወይስ ለአካባቢው አዲስ በመሆናቸው? ወይስ ቤታቸው በተሠራበት ስፍራ? ሦስቱንም መለየት የሚቻለው ሰዎቹ ሲተባበሩ፣ ማን ከማን እንደሚወለድ ሲናገሩ፣ መቼ እንደ መጡ ሲያስረዱ ነው። የዘር ጥናት ደግሞ ሕዝብን ሊያስፈራ የሚችል ነገር ነው፤ በሱዳን የዘር ስም ሰውን ሲያስገድል ኖሯልና። የካርቱሙ የዘረመል ሊቅ ፕሮፌሰር ሙንተሰር ኢብራሂም በዚህ መስክ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፤ የአፍሪቃ ሕዝቦች የዘረመል ልዩነት ሊጠና የሚገባው ለመበላለጥ ሳይሆን በሽታን ለመረዳት መሆኑንም አሳይተዋል። እኚህ ሰው በ2019 መጀመሪያ በሕዝባዊው ተቃውሞ ጊዜ ታስረው በዚያው ዓመት ተፈትተዋል።

ከዚህ ጋር የሴቶቹ ጉዳይ ይነሣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ምሳሌ አለን። የካላዛር ሽፍታ የሚወጣው ፊት ላይ ነው። ለትዳር የደረሰች ልጅ ፊቷ ላይ የወጣባትን ነገር ለማያውቁት ወንድ ሐኪም ገልጣ እንድታሳይ ማድረግ በብዙ መንደሮች ቀላል አይደለም። ወንዱ ተመራማሪ የሚደርሰው እስከ ግቢው በር ድረስ ነው፤ ሴቷ ተመራማሪ እስከ ማጀት ትገባለች። በመዝገቡ ላይ የሴት በሽተኞች ቁጥር ሲያንስ፣ ሴቶች አይታመሙም ተብሎ ሊነበብ ይችላል። እውነቱ ግን ሴቶቹ አልተቆጠሩም የሚል ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው ማን ነበር ብሎ ያልጠየቀ አንባቢ በቁጥሩ ይታለላል።

የዚህ ሐሳብ ጥንካሬ በእኛው ሳይንቲስት ሥራም ታይቷል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ቁልቁል፣ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ተውሳክ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለ ሆነ፣ እንዶድ ለበሽታው መከላከያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ተረዱ። ስለ እንዶድ ያውቁ የነበሩት ግን ከሁሉ በፊት አጣቢዎቹ ሴቶች ናቸው። ዶክተር አክሊሉ የሚመሰገኑት አይተው ዝም ባለማለታቸውና ከወንዙ ዳር ያገኙትን እውቀት በቤተ ሙከራ በማረጋገጣቸው ነው። ከዚያ በኋላ ያጋጠማቸው ችግር ከቀንድ አውጣው ይልቅ ከሰው ነበር። የታላላቅ አገሮች ተቋማት በአፍሪቃ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤትን ለመቀበል እያመነቱ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ለኑዌሩ መንደር ሩቅ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ለንደንና ጄኔቭም ለአዲስ አበባ ሩቅ ነበሩ። በር የተዘጋበት ሰውም በተራው በር ሊዘጋ ይችላል። ይህን ስል በማንም ለመፍረድ አይደለም፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ የመተማን ረዳት ነርስ ሐሳብ እንዴት እንደሚቀበል ራሱን ይጠይቅ ለማለት ነው።

በሩ ሲከፈት የሚሆነውንም አይተናል። በ2003 በካርቱም ከሱዳን፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያና ከኡጋንዳ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች የምሥራቅ አፍሪቃ የሊሽማንያ በሽታ የምርምር ኅብረትን መሠረቱ። ከእኛ ወገን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አሥራት ኃይሉ ከዋነኞቹ ተሳታፊዎች አንዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የካላዛር በሽተኛ 30 ቀን በየዕለቱ የሚያሳምም መርፌ መወጋት ነበረበት። 30 ቀን ማለት ለቀን ሠራተኛ የአጨዳው ወራት በሙሉ ማለት ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች አቋርጠው ይሄዱ ነበር። ኅብረቱ ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ በመሞከር ሕክምናው በ17 ቀን እንዲያልቅ የሚያስችል ውጤት አገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ለአካባቢው እንዲሠራበት መከረ። የሙከራው ስፍራዎች ጎንደርና አርባ ምንጭ፣ በሱዳንም ካሳብ፣ እንዲሁም በኬንያና በኡጋንዳ ያሉ ሆስፒታሎች ነበሩ። በሽታው ድንበር እንደማያውቅ ሁሉም ይናገራል፤ እነዚህ ግን እንደ ንግግራቸው ሠሩ።

ይህን ገጽ በቋንቋ ትምህርት መጽሐፍ ውስጥ የምታነቡ ተማሪዎች «የእኛ ትምህርት ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ትሉ ይሆናል። በገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ላይ የሚሠራው የቀን ሠራተኛ ከጎንደርም፣ ከትግራይም፣ ከዳርፉርም ይመጣል። ታሞ ክሊኒክ ሲቀርብ ሕመሙን የሚናገረው በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በማሳሊት ወይም በሐውሳ ሊሆን ይችላል። «ትኩሳቱ መቼ ጀመረህ?» የሚለው ጥያቄ በካላዛር ምርመራ ውስጥ ከደም ምርመራው የማያንስ ዋጋ አለው፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳትና የሁለት ቀን ትኩሳት የተለያየ ነገር ነውና። ዓረብኛ ብቻ የሚያውቅ ነርስ የጎንደሩን አጫጅ በምልክት ሲያነጋግረው ቀኑ ይጠፋል። አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው በዚያ ክሊኒክ መኖሩ እንግዲህ የሳይንስ መሣሪያ ነው እንጂ የትሕትና ጉዳይ አይደለም። በካርቱምና በገዳሪፍ ተወልደው ያደጉ፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቁ የኢትዮጵያውያን ልጆች ለዚህ ሥራ የሚመቻቸው ሌላ ማን አለ?

በጎንደር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ከዚያ በፊት በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ካደረሰው እልቂት በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱን ወደ በሽታው ማቅረብ እንደሚቻል ያን ጊዜ ታይቷል። ዛሬም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው።

ካርቱም ግን በሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት ተነሣባት። የጦር ሠራዊቱ ከተማይቱን በመጋቢት 2025 መልሶ ሲይዝ በዩኒቨርሲቲዎቿና በሆስፒታሎቿ ላይ የደረሰው ጥፋት ታየ። እግርን የሚያበሰብሰው የማይሴቶማ በሽታ በዓለም ታዋቂ የምርምር ማዕከል፣ በ1991 በቀዶ ሕክምናው ሐኪም በፕሮፌሰር አሕመድ ሐሰን ፋሐል የተመሠረተው፣ ከነናሙናዎቹ ጠፍቷል፤ ከ40 ዓመት በላይ የተጠራቀመ የበሽተኞች ናሙናና መረጃ ነበረው። ሕንፃ እንደገና ይሠራል። ከ40 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ግን ደሙን ዳግም አይሰጥም።

ሰዎቹ ተበትነዋል። ወደ ግብፅ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወደ አውሮፓ የሄዱ አሉ፤ በመተማ በኩል ወደ እኛ የገቡም አሉ። ከእነዚህ መካከል ዲፕሎማቸውን በሚቃጠል ቤት ጥለው የወጡ፣ ዩኒቨርሲቲያቸው ተዘግቶ ማስረጃ የሚጽፍላቸው ያጡ መምህራንና ተማሪዎች እንደሚኖሩ መገመት አያዳግትም። በ1984 እና በ1985 በድርቅና በጦርነት ምክንያት ከኢትዮጵያ የተሰደዱትን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ምሥራቅ ሱዳን ተቀብሎ እንደ ነበር ለማስታወስ ሽማግሌ መጠየቅ ይበቃል። እንግዲህ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ማድረግ የሚችሉት ቀላል ነገር አለ። ማስረጃ የሌለውን በፈተና ይመዝኑት፤ የካላዛርን ነገር የሚያውቅ ሱዳናዊ ሐኪም ከተገኘ ጎንደር ውስጥ ጠረጴዛና ማይክሮስኮፕ ይስጡት፤ የመኖሪያ ፈቃዱን ጉዳይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይከታተልለት እንጂ ከቢሮ ቢሮ እንዲንከራተት አይተወው። ሴቶቹ ተመራማሪዎች ልጆቻቸውን ይዘው እንደሚመጡም አስቀድሞ ይታሰብ። የሚቀጥለው የሰሊጥ አጨዳ ከመድረሱ በፊት ሊደረግ የሚችል ነው።